ድፋት ወደ ሻያ ስትወርድ

ድጓ አውቃለሁ ብዬ የዋሸሁት ከብርድ የተነሣ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንድታዝኑልኝ ብዬ ነው። የጎባን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ይፈርድብኝ ይሆናል፤ የሚያውቅ ሰው ግን፣ በተለይ ሳነቴ ተራራ ላይ አንድ ሳምንት ዘብ የቆመ ሰው፣ ድጓ ቀርቶ ጳጳስ ነኝ ብል እንኳ ይቅር የሚለኝ ይመስለኛል።

ባሌ ቀና በተባለ ሰሞን ነው። እኛ ከሸዋ የዘመትነው ወታደሮች ጎባ ላይ ጎጆ ቀልሰን ሰፍረን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል፣ ታቦት ገብቷል፣ ሁለት ቄሶችና አንድ ዲያቆን አሉ፤ ማኅሌት የሚቆም ግን የለም። አንድ ቀን ጠዋት የደብሩ አለቃ ወደ ሰፈራችን መጥተው፣ በተሰለፍንበት "ከመካከላችሁ ዜማ የተማረ አለ?" ሲሉ ጠየቁ። እኔ በዚያች ሰዓት ወደ ሳነቴ ለመውጣት ጋቢዬን እየተከናነብሁ ነበር። እጄ ወጣ። አወጣሁት አልልም፤ ራሱ ነው የወጣው። አለቃውም ፈጣሪን አመስግነው ስሜን አስጻፉ።

ጨርሶ ውሸታም ነኝ ማለትም አይደለም። ዳዊት ደግሜያለሁ። ጾመ ድጓም ጀምሬያለሁ፤ ጀምሬያለሁ ስል መጽሐፉ ሲገለጥ በቦታው ነበርሁ ማለቴ ነው። የዜማውን ምልክት ልንማር ስንል የዘመቻ ነጋሪት ተጎሰመ። ከመምህር ፊት ከመቀመጥ ከጠላት ፊት መቆም ቀሎ ስለታየኝ ጠመንጃ ተሸክሜ ተከተልሁ። በዚህ ዕውቀት ነው እንግዲህ የጎባ መሪጌታ የሆንሁት።

መሪጌትነቱ ከጠበቅሁት በላይ ተመቸኝ። የሚያርመኝ አልነበረም። አጀማመሩን ከፍ አደርገዋለሁ፣ መካከሉን ደስ እንዳለኝ አዞረዋለሁ፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ረዘም አድርጌ አቃስታለሁ። የወታደሮቹ ሚስቶች ያለቅሳሉ። የሚያለቅሱት አገራቸው ትዝ እያላቸው መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን በእኔ ችሎታ ነው ብዬ ይዤው ነበር። ድጓ የተባለው የዜማ መጽሐፍ ደብሩ አልነበረውም፤ በቃሌ ነው የማዜመው እያልሁ እንደ ትልቅ ሊቅ እከበር ነበር።

ማረፊያዬ ከጎባ ወጣ ብሎ ሮቤ ሜዳ ላይ፣ ኦቦ ቃሲም ግቢ ውስጥ ነበር። እንግዳ ነበርሁ እንዳልል የጠራኝ ሰው የለም። ምስለኔው፣ የገዢው ወኪል ማለት ነው፣ ሁለታችንን አቁሞ "አንተ እዚህ ትኖራለህ፤ አንተ ደግሞ ታበላዋለህ" ብሎን በቅሎውን አዙሮ ሄደ። ኦቦ ቃሲም ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ጺም ያላቸው፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሰው ነበሩ። ከአያት ቅድመ አያታቸው የወረሱትን ሜዳ እስከ ሻያ ወንዝ ድረስ ገብስ ይዘሩበታል፣ ፈረስ ያረቡበታል። አማርኛቸውን የለመዱት ከወታደር ስለሆነ መጀመሪያ የቻሉት ስድቡን ነበር፤ ሰላምታው በኋላ ነው የመጣው። እኔም በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው አንተ ነበር የምላቸው። ወታደር ነኛ።

አንድ ቀን "እኛ እኮ ይህን አገር ያቀናን ሰዎች ነን" ብዬ ስፎክር ሰምተው፣ የሚጠግኑትን ኮርቻ ጭናቸው ላይ አሳረፉና ሜዳውን ዞር ዞር ብለው አዩት።

"ጠማማ ነበረ እንዴ?" አሉኝ።

ገብሳቸውን በልቼ ገብቼ ተኛሁ።

እንዲህ ሁለት ዓመት ከኖርሁ በኋላ ነው መከራው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው መጽሐፉ ነው። ገዢው ከመሀል አገር አንድ ድጓ አስጽፈው፣ በሐር ጠቅልለው አስመጡልን። ለእኔ ያሰቡ መስሏቸው ነው። መጽሐፉን ተከትለው ደግሞ ሁለት እውነተኛ ደብተራዎች መጡ። አንደኛው ደብተራ ተክሌ፣ ጎጃሜ፣ የአጫብር ዜማ ቤት ሰው ናቸው። ሁለተኛው ደብተራ ወልዴ፣ ሸዌ፣ የተጉለት ዜማ ቤት ሰው ናቸው። ዜማ ቤት ማለት የአዜማመር ወገን ነው፤ ድጓው አንድ ሆኖ ሳለ አወራረዱና አነሣሡ በየቤቱ ይለያል። የአንዱ ቤት ሰው የሌላውን ቤት ዜማ ሲሰማ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፊቱን ይይዛል።

ሦስተኛው አዋጁ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ በደብሩ ክብረ በዓል ከመሀል አገር አንድ ታላቅ መምህር ይመጣሉ፤ የአዲሱን ድጓ ምልክት በፊታቸው ፈትቶ ያዜመ መሪጌትነቱን ያጸናል፣ ሮቤ ሜዳ ላይም አንድ ጋሻ መሬት ይሰጠዋል፤ ያልቻለ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል ተባለ። የእኔ የቀድሞ ሥራ ሳነቴ ላይ ዘብ መቆም እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የትኛው ጋሻ መሬት ነው የሚሰጠው ብላችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ፣ የኦቦ ቃሲም ነው። እኔ የምተኛበት።

ያን ቀን ቤት ስገባ ኦቦ ቃሲም ወሬውን ቀድመውኝ ሰምተዋል። ኮርቻቸውን ይጠግናሉ። እኔም አፈርሁ፤ ሐፍረቴ ግን ብዙ አልቆየም፣ የራሴ ፍርሃት ይበልጥ ነበር።

በማግስቱ መጽሐፉን ተውሼ ወደ ሮቤ ይዤው ሄድሁና ገለጥሁት። እስቲ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ካልገባችሁ አትጨነቁ፣ እኔም መሪጌታ ሆኜ አልገባኝም ነበር። ከቃሉ በላይና በታች ጥቃቅን ምልክቶች ተበትነዋል። ስምንት ናቸው፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረትና ቁርጥ ይባላሉ። ስማቸውን ለማጥናት ግማሽ ቀን ስለበቃኝ "ይኸው ነው?" ብዬ ናቅሁት። ከሰዓት በኋላ ግን ስምን ማወቅና ባለስሙን ማወቅ የተለያዩ መሆናቸው ተገለጠልኝ። አብዛኞቹ ጎበጥ ያሉ መስመሮች ናቸው። አንዷ ወደ ላይ ትጎብጣለች፣ አንዷ ወደ ታች፣ አንዷ ደግሞ ጎብጣ ይሁን ጸሐፊው እጁ በርዶት አይታወቅም። አንዲት ነጥብ ስትሆን ይዘት ናት፤ ነጥቦች ሲደረደሩ ርክርክ ይሆናሉ። በዚህ ሒሳብ አንድ ገጽ ላይ ርክርክ አግኝቼ እስኪመሽ ስለማመድ ዋልሁ፤ በማግስቱ ጥፍሬ ቢነካው ተላጦ ወደቀ። የዝንብ ኩስ ነበር።

በዚህ ላይ ሦስት ስልቶች አሉ፤ ግእዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ። በግእዝ ትሑት ሆና ያየኋት ምልክት ዕዝል ውስጥ ስትገባ ጠባይዋ ይለወጣል። ዓራራይ ውስጥማ ከነጭራሹ አታውቀኝም።

ከሁሉ የባሱት ግን ፊደሎቹ ናቸው። ከመስመሩ በላይ ሁለት ሦስት ደቃቅ ፊደሎች ይጻፋሉ። ብታነቧቸው ትርጉም የላቸውም። ከሌላ መዝሙር ላይ ተቆርጠው የመጡ ናቸውና "ይህን እዚያ እንዳዜምኸው አዚመው" ማለት ነው። መልካም አልሁና እዚያ የተባለውን ቦታ ስፈልግ ውዬ አገኘሁት። እሱም አናት ላይ ሌላ ሁለት ፊደል ተጽፏል፤ "እኔን ደግሞ እዚያ እንዳዜምኸው።" ሄድሁ። እዚያም እንደዚሁ። አምስት ቦታ ከተላላክሁ በኋላ ስድስተኛው ወደተነሣሁበት ገጽ መለሰኝ። ድጓን ያዘጋጁት አባቶች ይህን መጽሐፍ የሚከፍት ሰው ሁሉንም ቀድሞ የሚያውቅ ነው ብለው አምነው ነበር ማለት ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው ይመጣል ብለው አልጠረጠሩም።

ስለዚህ ሊቃውንቱን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። መጠየቅ ደግሞ አለማወቅን መግለጥ ነው። መላ መታሁና እንደ ፈታኝ ሆኜ ሄድሁ። መጽሐፉን ደብተራ ተክሌ ፊት ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣቴን አንዷ ላይ አሳረፍሁ።

"እስቲ ደብተራ ተክሌ፣ በእርስዎ ቤት ይህችን ምን ይሏታል?"

"ድፋት ናት እንጂ!" አሉና ድምፃቸውን ከላይ አንሥተው ቀስ አድርገው ወደ ታች አወረዱት። ደስ አለኝ። ሮጬ ደብተራ ወልዴ ዘንድ ሄድሁ።

"ድፋት ናት" አሉ እሳቸውም። ድምፃቸውን አወረዱት፣ መንገድ ላይ አዞሩት፣ መልሰው ሰቀሉት፣ ከዚያ ደግሞ አወረዱት። ሌላ ምልክት ጠየቅሁ። አንደኛው ቅናት ያሉትን ሁለተኛው በዚያው ድምፅ አዚመው ሂደት አሉት። ስሙ አንድ ሲሆን ድምፁ ሁለት ይሆናል፣ ድምፁ አንድ ሲሆን ስሙ ሁለት ይሆናል። ሁለቱም ሌላው ተሳስቷል ሲሉ በመስቀል ይምላሉ። እኔ የማስታውሰው መሐላውን ብቻ ሆነ።

በዚያው እሑድ ማኅሌት ላይ የእኔን አዜማመር ሰሙ። ስንወጣ ደብተራ ተክሌ ያዙኝ።

"መሪጌታ፣ እርስዎ የየትኛው ቤት ነዎት?"

የመጣልኝ የትውልድ መንደሬ ስም ብቻ ነው። "የጉልባ" አልሁ። ጉልባ ሰባት ጎጆ ነች። እዚያ ዜማ ከተባለ የቀበሮ ነው።

ደብተራ ተክሌ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ሊቅ ነኝ የሚል ሰው "አላውቀውም" የምትለዋን ቃል ከአፉ ከሚያወጣ ጥርሱን ቢያስወጣ ይመርጣል።

"አሃ፣ ጉልባ!" አሉ ቆይተው። "ዕዝላቸው ጠበቅ ይላል።"

"ትንሽ ጠበቅ ይላል" አልሁ።

ነገሩ በዚያ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ደብተራ ወልዴ መጥተው የጉልባን ዓራራይ በፍጹም እንደማይቀበሉት ነገሩኝ። ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱ በጉልባ ዜማ ቤት ምክንያት ተጣሉ፤ አንደኛው ከአጫብር የወጣ ነው ይላል፣ ሌላኛው የተጉለት ታናሽ ወንድም ነው ይላል። ክርክሩን እኔ እንድፈታ ጠላቸውን በእንስራ አስይዘው ሮቤ ድረስ እየመጡ፣ ኦቦ ቃሲም ደጃፍ ተቀምጠው እየተፎካከሩ ያዜሙ ጀመር። እኔ መካከላቸው ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ኦቦ ቃሲም ማዶ አጥራቸውን ያጥራሉ።

አንድ ቀን ሁለቱ ከሄዱ በኋላ የሰማሁትን ልድገም ብዬ አፌን ከፈትሁ። የወጣውን ድምፅ ባትሰሙት ይሻላል። እንደገና ሞከርሁ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ ተነሣ፤ "ሆ... ሆ ሆ... ሆ።" ጥርት ያለ፣ ሳይቸኩል የሚወርድ፣ የደብተራ ተክሌ ድፋት እንዳለች። ዘልዬ ወጣሁ። ኦቦ ቃሲም እንጨት እየተከሉ ነው።

"ማነው ያዜመው?" አልሁ።

"ማን አለ እዚህ? እኔ ነኝ ዳ" አሉ። "ያ የጎጃሙ ሰውዬ ነው። ይሄ ደግሞ ያ የሸዋው።" የደብተራ ወልዴን ከነመዞሪያው፣ ከነሳሉ አመጡት።

"የእኔስ?"

"ያንተን ላሞቹም አይወዱትም።"

ተቀየምሁ፤ ነገር ግን ቅያሜዬን ለሌላ ቀን አቆየሁት። ለካ ኦቦ ቃሲም በወጣትነታቸው የፈረስ ዘፈን አውጪ ኖረዋል። ከዚህ እስከ ጎሮ በየሰርጉ ሲጠሩ አንዴ የሰሙትን አይረሱም። ቃሉን ግን አልነኩም። "ቃሉ የእናንተ ነው፣ ወላሂ አንድ አልወሰድሁም" አሉ። "ድምፁ አጥሬን ዘሎ መጣ። ምን ላድርግ፣ ልመልሰው?"

መጽሐፉን አምጥቼ ምልክቶቹን አሳየኋቸው፤ የስማቸውንም ብዛት፣ የደብተራዎቹንም ጠብ አጫወትኋቸው። ጨርሰው ሳይሰሙኝ እጃቸውን አወዛወዙ።

"ላኪ፣ ላኪ! አይሆንም። ስሙን ተወው። ድምፁ ወዴት ሄደ?"

"እንዴት ወዴት?"

"ና።"

እጄን ይዘው ወደ ሜዳው ወሰዱኝ። ከቤታቸው በታች መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ሻያ ይወርዳል። መጽሐፉ ላይ ድፋቷን አሳየኋቸውና እሷን እያዜሙ ቁልቁለቱን ወረዱ፣ እኔም ተከትዬ። ድምፁ ከእግራችን ጋር ወረደ። ውኃው ጋ ስንደርስ ጨረስን። "ይህች በእናንተ ዘንድ ምን ስም እንዳላት አላውቅም፤ የምትሄደው ግን እዚህ ነው" አሉ። ቅናትን ለማግኘት ወደ ቤት የሚያወጣውን ዳገት ይዘን ተመለስን። ሂደት የጎባ መንገድ ሆነች፣ ሜዳ ለሜዳ የምትሄደው። ርክርክን በወንዙ መሻገሪያ ላይ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልሁ ተማርኋት። ደረትን ያስተማረኝ በረት ውስጥ የታሰረው ኮርማ ነው፤ እሱ ሲያገሣ ኦቦ ቃሲም ጣታቸውን ወደ እሱ ቀስረው "ከዚያ ነው የሚወጣው፣ ከጉሮሮህ አይደለም" ይሉኛል። ጭረት የምትባለዋን እሾህ አጥር ላይ ገፍተው አስተማሩኝ፤ እሷን ከዚያ ወዲያ አልረሳኋትም።

የሁለቱ ሰዎች ልዩነትም ተፈታ። ደብተራ ተክሌ ወንዙ ድረስ በቀጥታ ይወርዳሉ፤ ደብተራ ወልዴ በጓሮ ዞረው፣ ጉብታዋን ወጥተው ይወርዳሉ። የሚደርሱት አንድ ቦታ ነው። ሁለቱ ቤቶች ዓመታት ሙሉ የተጣሉት በመንገድ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠየቅኋቸው። መሬቱ የሚሰጠው ለፈተናው አሸናፊ መሆኑን ያውቃሉ። ለምን ይረዱኛል?

ወንዙ ዳር ተቀመጡና እግራቸውን ውኃ ውስጥ ከተቱ። "መሬቴን የሚሰጡት ይሰጡታል" አሉ። "ለኔ አይሰጡ። ለጎጃሙ ሰውዬ ከሰጡ ወንድሞቹ ስድስት ናቸው፤ ሁሉም ይመጣሉ። ለሸዋው ከሰጡ ጎበዝ ገበሬ ነው፣ እኔን አስነሥቶ ራሱ ያርሳል። አንተ ግን ማንም የለህም። ደግሞ ሰነፍ ነህ።" ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ሰነፍ ጌታ ጋሪ ዳ። ጥሩ ነው።"

አባታቸው የተቀበሩበትን ቦታ እንዳላሳርስ፣ ምንጩንም እንዳልከለክላቸው አስማሉኝ። ማልሁ። ስለ ፍትሕ አስቤ ነው የማልሁት ብል ደስ ባለኝ፤ ያሰብሁት ግን ሳነቴን ነው። በገዛ መሬታቸው ላይ እንድኖርላቸው የለመኑኝ እሳቸው እንጂ፣ የለመንኋቸው እኔ አለመሆኔ ቆይቶ ነው የከነከነኝ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው መቋሚያዬን ይዤ ከኋላቸው እሄዳለሁ። ከጎሮ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች አንድ ነጭ ሻሽ የጠመጠመ ደብተራና አንድ ሽማግሌ "ሆ፣ ሆ" እያሉ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ዳገት ሲወጡ እያዩ ይቆማሉ። አንዲት ሴት ታምሞ ነው ወይ ብላ በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው። "ኤዬ" አሉ ኦቦ ቃሲም፣ "እየዳነ ነው ግን።" በሁለተኛው ሳምንት ግድም ሳላስበው እርስዎ ማለት ጀምሬ ኖሯል። እሳቸው ልብ አሉት፤ እኔ አላልሁትም።

አንድ ጥፋት ብቻ ደረሰብኝ። ድፋትን ለብቻዬ ልለማመድ ቁልቁለቱን ስወርድ ያ ኮርማ ገመዱን በጥሶ ተከተለኝ። ድፋቷን ሳላቋርጥ ሻያ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን ባዜምሁ ቁጥር ተረከዜ ይነሣል።

የክብረ በዓሉ ቀን ደረሰ። ኦቦ ቃሲም በፈረሶቻቸው ጎባ አድርሰውኝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ፈረሶቹን ይዘው ቆሙ። ታላቁ መምህር ዓይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ግን ሰውን የሚያቆም ሽማግሌ ነበሩ። ገዢው ተቀምጠዋል፣ አለቃው ቆመዋል፣ ሕዝቡ ከኋላ ነው። ደብተራ ተክሌ አዜሙ፤ ድንቅ ነበር። ደብተራ ወልዴ ሲሰሟቸው ፊታቸውን ያዙ። ደብተራ ወልዴ አዜሙ፤ ድንቅ ነበር። ደብተራ ተክሌ በበኩላቸው ፊታቸውን ያዙ። ከዚያም ሁለቱ በመምህሩ ፊት ድፋት ትዞራለች አትዞርም ብለው ጀመሩና ገዢው አዛጉ።

እኔ ቀረብሁ። መምህሩ ምልክት እየጠሩ ጠየቁኝ፣ መለስሁ። "እንግዲህ አዚመው" አሉኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ኦቦ ቃሲም ደጃፍ ላይ ቆምሁ። አፌን ስከፍት ከቃሉ በፊት "ሆ" ወጣች። ደብተራ ተክሌ ለጎናቸው ሰው "የጉልባ መነሻ ነው" ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ቀናኝ። ይዘት ላይ ቆምሁ፣ በሜዳው ሄድሁ፣ ድንጋይ ድንጋዩን ተሻገርሁ፣ ደረት ላይ ከሆዴ አገሣሁ። ዜማ ምን እንደሆነ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ለቅሶ መጣብኝ። መጨረሻዋ ላይ ድፋት ቀረች። መውረድ ጀመርሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ኮርማው ትዝ አለኝ። ድፋቷ ሮጠች፣ እኔም ሮጥሁ፣ ትንፋሼን ጨርሼ ውኃው ውስጥ ወደቅሁ።

መምህሩ ቅንድባቸውን አነሡ። "ይህ ምን ዓይነት ድፋት ነው?"

ሳነቴ ታየችኝ። ከእኔ በፊት ግን ደብተራ ተክሌ ተናገሩ።

"የጉልባ ቤት ነው አባታችን። በጉልባ ድፋት ትሮጣለች።"

"በግእዝ ብቻ" አሉ ደብተራ ወልዴ፣ እንዳይቀደሙ። ሁለቱም ስለ ጉልባ ለአገሩ ሁሉ ሲያስተምሩ ከርመዋል፤ አሁን ጉልባ የለም ቢባል እነሱም የሉም። ደግሞም ለደብተራ ተክሌ ከተጉለት ይልቅ የሌለ ቤት ቢያሸንፍ ይሻላቸዋል፤ ደብተራ ወልዴም ስለ አጫብር ያው ናቸው።

መምህሩ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳረፉ። "ጉልባ" አሉ። "በወጣትነቴ አንድ የጉልባ መምህር አግኝቻለሁ። አጠር ያሉ ሰው ናቸው። ደኅና ናቸው?"

"ዐረፉ" አልሁ። ሁላችንም ነፍስ ይማር አልን። ያልተወለደ ሰው ሞቶ ማዘኔ ያን ቀን ብቻ ነው። መምህሩም "ይህ ቤት እንዳይጠፋ" ብለው መሪጌትነቱን አጸኑልኝ፤ ገዢውም መሬቱን ሰጡኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለርክክቡ ሮቤ ወጣን። ምስለኔው በበቅሎ፣ ሁለቱ ደብተራዎች ለምስክርነት ከኋላ። ኦቦ ቃሲም ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል። ምስለኔው ከገብሱ ማሳ እስከ ሻያ በጅራፉ እያመለከተ ወሰኑን ተናገረ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ "ከዛሬ ጀምሮ ጌታህ መሪጌታ ናቸው። ጉልበታቸውን ሳም" አላቸው። ልማዱ ነው፤ አዲስ ገባር አዲስ ጌታውን እንዲህ ይቀበላል።

ተዉ ልል ፈለግሁ። ብናገር ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል፤ ለእሳቸውም ለእኔም። ስለዚህ እንደ ግንድ ተገትሬ ቆምሁ፤ ያን ቀን እንዳፈርሁት በዕድሜዬ ሙሉ አፍሬ አላውቅም። ኦቦ ቃሲም ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ፣ ጉልበቴን ያዙ፣ ጺማቸው እግሬን ነካው። ሳይነሡ፣ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ተናገሩኝ።

"ድፋቷን አበላሸሃት። ከአጥር ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ። ነገ በማለዳ ና፣ ከላይ እንጀምራለን።"

"እሺ፣ የኔታ" አልሁ፤ ምስለኔውም ደብተራዎቹም በሚሰሙት ድምፅ።